የተዋጠውን ቃል ፍለጋ

ጆን ቶማስ ግሪንደር ጃንዋሪ 10 ቀን 1940 በአሜሪካ የመኪና ከተማ በዲትሮይት ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ዓመት እንደሞላው የከተማዋ ፋብሪካዎች የቤት መኪና መሥራት አቁመው ታንክና የጦር አውሮፕላን ወደ ማምረት ዞሩ። ልጁ ግን አድጎ እንጀራውን የቆረሰው ከብረት አልነበረም። እንጀራው ቃል ሆነ፤ ያውም ሰው ከሚናገረው ይልቅ ሲናገር የሚውጠው ቃል።

ወጣቱ ግሪንደር በካሊፎርኒያ፣ ኢየሱሳውያን መነኮሳት በመሠረቱት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተማረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪውን እንደያዘ ውትድርና ገባ። ዘመኑ የበርሊን ግንብ የቆመበት፣ ምሥራቅና ምዕራብ ዓይን ለዓይን የተፋጠጡበት ነበር። «አረንጓዴ ቆቦች» በሚባለው የልዩ ኃይል ክፍል ውስጥ በሻምበልነት ማዕረግ በአውሮፓ አገለገለ፤ ከዚያም ለአንድ የአሜሪካ የስለላ ተቋም ሠራ። እንዲህ ያለ ሥራ የሰውን አገር ቋንቋ ከነቅላፄው፣ ከነእጅ እንቅስቃሴው፣ ከነአቋቋሙ መልመድን ይጠይቃል። ግሪንደር በዚህ የተካነ ነበር። ሰው እንዴት እንደሚናገርና እንደሚንቀሳቀስ አይቶ፣ መጀመሪያ መምሰል፣ ምክንያቱን ኋላ መመርመር ልማዱ ሆነ። ይህ ልማድ ከአሥር ዓመት በኋላ ያልታሰበ ቦታ ያደርሰዋል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የወታደር ልብሱን አውልቆ ወደ ትምህርት ተመለሰ። የመረጠው ሥነ ልሳን ነበር። በወቅቱ መስኩን ያናወጠው ኖአም ቾምስኪ ነበር። በቾምስኪ ትምህርት መሠረት ከአፍ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር የላይኛው መዋቅር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሙሉ ትርጉሙን የያዘ ጥልቅ መዋቅር አለ። ከጥልቁ ወደ ላይ ሲወጣ በሕግ የሚመሩ ለውጦች ይደረጉበታል፤ ቃል ይዘዋወራል፣ ይተካል፣ ይጠፋል።

ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም። ልጅ ብርጭቆ ከእጁ አምልጦበት እናቱ ከጓዳ ብቅ ስትል «ሰበርኩት» አይልም፤ «ብርጭቆው ተሰበረ» ይላል። «ተ» የምትባል አንዲት ፊደል ገብታ ሰባሪውን ከዓረፍተ ነገሩ አስወጣችው። እናት ሰዋስው አልተማረች ይሆናል፤ ነገር ግን ከሥሩ አንድ ሰው እንደተዋጠ ታውቃለች። «ማን ሰበረው?» ትላለች።

ግሪንደር ምሁር ሆኖ የያዘው ሥራ በመሠረቱ የዚህች እናት ጥያቄ ነበር። ተናጋሪ የትኛውን ቃል መዋጥ ይችላል? በምን ሁኔታ? ሰሚውስ የተዋጠውን እንዴት መልሶ ያገኘዋል? «አልማዝ መሄድ ትፈልጋለች» ስንል ሂያጇ ማን እንደሆነች ለብቻው አልተነገረም፤ ቢሆንም ማንም አይሳሳትም። ግሪንደር በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ባለቤቱ የተዋጠ ግሥ ባለቤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራቅ ብሎም ሊያገኝ እንደሚችል መረመረ። በ1971 ከታወቀው የሥነ ልሳን ምሁር ከፖል ፖስታል ጋር ስለዚሁ ስለ ጎደሉ ቃላት ሌላ ጥናት አሳተመ። በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲም የሰው የቅርብ ጊዜ ትውስታ «ሰባት ሲደመር ወይም ሲቀነስ ሁለት» ነገር ይይዛል በሚለው ጽሑፉ ዝናን ባተረፈው በሥነ ልቦና ተመራማሪው በጆርጅ ሚለር ቤተ ሙከራ ሠርቷል። የዶክትሬት ዲግሪውን ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ያገኘው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ ስላሉ ግድፈቶች በጻፈው መመረቂያ ነው።

በ1973 ደግሞ ከሱዜት ሄይደን ኤልጂን ጋር ስለ ትራንስፎርሜሽናል ሰዋስው፣ ማለትም ስለ ቾምስኪ የለውጥ ሕጎች ሰዋስው፣ የመማሪያ መጽሐፍ አወጣ። ኤልጂን ኋላ ለልብ ወለድ ታሪኳ ራሱን የቻለ ቋንቋ የፈጠረች፣ በቃል ጥቃት ሲሰነዘርብን እንዴት እንደምንመክትም ለብዙኃን የጻፈች ሴት ናት። ሁለቱም ደራሲዎች የሰዋስው እውቀታቸውን ከክፍል አውጥተው ወደ ሰው ኑሮ ይዘውት ወጡ። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነበር።

ግሪንደር በረዳት ፕሮፌሰርነት የተቀጠረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ነው። ግቢው በ1965 የተከፈተ፣ በግዙፍ የሬድውድ ዛፎች መካከል የተሠራ፣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ የፓስፊክን ውቅያኖስ የሚያይ ነው። በነዚያ ዓመታት መምህራን በፊደል ውጤት ፈንታ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጡ ነበር። የቬትናም ጦርነት ወጣቱን አስቆጥቶታል፤ ሰው ሁሉ ራሱን ለመለወጥ፣ ቢቻል ዓለምን ለመገልበጥ ይፈልጋል። ማታ ማታ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው የልባቸውን ይነጋገራሉ። የቡድን ሕክምና የዘመኑ ፋሽን ነበር።

በ1972 ገደማ አንድ የ22 ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ ወደ ግሪንደር መጣ። ስሙ ሪቻርድ ባንድለር ይባላል። ባንድለር ሮበርት ስፒትዘር ለተባለ አሳታሚ ይሠራ ነበር። ሥራው የጌስታልት ሕክምና አባት የሆነው፣ በ1970 የሞተው ፍሪትዝ ፐርልስ የተናገራቸውን ቅጂዎች እየሰማ ለመጽሐፍ ማዘጋጀት ነው። ሲሰማ፣ ሲሰማ የፐርልስን አነጋገርና ሁኔታ ሳያስበው ወረሰው። ከጓደኛው ከፍራንክ ፑሴሊክ ጋር የተማሪ ቡድን ሰብስቦ ሲያካሂድ ሰዎች ይለወጡ ነበር። ችግሩ ባንድለር ምን እያደረገ እንደሆነ ራሱም ማስረዳት አለመቻሉ ነበር።

ኋላ እንደተረኩት የሁለቱ ስምምነት ቀላል ነበር። ባንድለር የሚያደርገውን ለግሪንደር ያሳየዋል፤ ግሪንደር ደግሞ ባንድለር የሚያደርገው ምን እንደሆነ ይነግረዋል። መምህሩ ማክሰኞ ማታ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይመለከታል። ሐሙስ ማታ ሌላ ቡድን ሰብስቦ ያየውን ለመድገም ይሞክራል። ትርጓሜው እስኪገለጥለት አይጠብቅም፤ በሻምበልነቱ ዘመን እንደለመደው መጀመሪያ ይመስላል። ወራት ሲያልፉ የሐሙሱ ቡድን እንደ ማክሰኞው ሆነ። ያኔ የሰዋስው ሊቁ ብዕሩን አነሳ።

ያገኘው ነገር ለእሱ እንግዳ አልነበረም። ፐርልስም፣ የቤተሰብ ሕክምና መሥራች ከሆኑት አንዷ ቨርጂኒያ ሳቲርም፣ ታካሚ ሲናገር የሚውጣቸውን ቃላት እየለቀሙ መልሰው ይጠይቁት ነበር። ለምሳሌ አንድ ወጣት «ሰው ይንቀኛል» ቢል፣ «ማን ነው የናቀህ?» ይባላል። «ሁልጊዜ እሸነፋለሁ» ሲል፣ «አንድም ቀን አሸንፈህ አታውቅም?» «ለአባቴ እውነቱን መናገር አልችልም» ሲል፣ «ምን ይከለክልሃል? ብትነግረውስ ምን ይመጣል?» «እጮኛዬ እንደጠላችኝ አውቃለሁ» ሲል ደግሞ፣ «በምን አወቅህ?»

እነዚህ ጥያቄዎች «ሜታ ሞዴል» የሚል ስም ወጣላቸው። ሰው የኖረውን ወደ ቃል ሲለውጥ ሦስት ነገር ያደርጋል ይላል ሞዴሉ፤ ያጎድላል፣ ይጠቀልላል፣ ያዛባል። ከሦስቱ የመጀመሪያው የግሪንደር የዶክትሬት ጥናት ነው ማለት ይቻላል። «ካርታው አገሩ አይደለም» የሚለውን የአልፍሬድ ኮርዚብስኪን አባባልም መሪ ቃላቸው አደረጉት። ሰው የሚሰቃየው በጠበበው ካርታው ምክንያት ከሆነ፣ የተዋጡትን ቃላት መመለስ ካርታውን ያሰፋዋል የሚል ነው ሐሳቡ። በ1975 «የአስማት መዋቅር» የተሰኘው መጽሐፋቸው የመጀመሪያ ቅጽ ታተመ። ሳቲር መቅድም ጻፈችለት፤ መግቢያውን ደግሞ አንትሮፖሎጂስቱ ግሪጎሪ ቤትሰን። ሁለተኛው ቅጽ በ1976 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሁለቱ ከሳቲር ጋር ሆነው ስለ ቤተሰብ ሕክምና አንድ መጽሐፍ ጻፉ።

ቤትሰን በዚያን ጊዜ በሳንታ ክሩዝ ያስተምር ነበር። በ1950ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር የሕክምናን ቋንቋ ለመመርመር የሞከረ ትልቅ ምሁር ነው። የእነ ግሪንደርን ሥራ አይቶ ወደ አሪዞና፣ ወደ ፊኒክስ ከተማ ሄደው የሂፕኖሲስ ሐኪሙን ሚልተን ኤሪክሰንን እንዲያዩ መንገድ ከፈተላቸው። በግሪንደር ሕይወት ትልቁ መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል።

ኤሪክሰን በ17 ዓመቱ በፖሊዮ ተመትቶ መንቀሳቀስ ተስኖት የተኛ ሰው ነው። በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ የቤተሰቡን ድምፅ፣ ፊትና አካሄድ ማጥናት ለመደ። እነ ግሪንደር ሲያገኙት በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሽማግሌ ነበር፤ ቀለም በደንብ ስለማይለይ ጎልቶ የሚታየውን ወይን ጠጅ ቀለም ይለብስ ነበር። አነጋገሩ ከፐርልስና ከሳቲር የተገላቢጦሽ ሆነ። እነሱ የተዋጠውን ቃል ፈልፍለው ሲያወጡ፣ ኤሪክሰን ሆን ብሎ ይውጥ ነበር። «አንድ ነገር ቀስ በቀስ እየቀለለህ እንደሆነ ልታስተውል ትችላለህ» በሚመስል አነጋገር ይናገራል። ምን ነገር? ከምን የቀለለ? አልተባለም። ክፍቱን ቦታ የሚሞላው ሰሚው ነው፤ የሚሞላውም ከራሱ ቋት ቀድቶ ነው።

ሕይወቱን በጎደለ ቃል ላይ ያሳለፈው ግሪንደር፣ ጉድለት መድኃኒት ሆኖ ሲሠራ አየ። ከባንድለር ጋር የኤሪክሰንን አነጋገር የተነተኑበት የመጀመሪያ ቅጽ በ1975፣ ጁዲት ዴሎዚየር የተጨመረችበት ሁለተኛው በ1977 ወጣ። ይህ «ሚልተን ሞዴል» ተባለ። ከሜታ ሞዴል ጋር ሲቆም በአንድ እጅ የሚሞላ፣ በሌላ እጅ የሚያጎድል ጥበብ ማለት ነው። ጥበቡ ግን አንድ አደጋ ይዞ መጣ። ክፍት ዓረፍተ ነገር በሐኪም አፍ ለታካሚ መተንፈሻ ሊሆን ይችላል፤ በሻጭ አፍ ሲሆን ግን ገዢው ራሱ ተስፋውን ይሞላበታል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራው «ኒውሮ ሊንጉስቲክ ፕሮግራሚንግ»፣ ባጭሩ ኤን ኤል ፒ ተባለ። «ኒውሮ» ለነርቭና ለአእምሮ፣ «ሊንጉስቲክ» ለቋንቋ፣ «ፕሮግራሚንግ» ሰው ለሚደጋግመው የልማድ ቅደም ተከተል ነው። ስሙ ራሱ የቤተ ሙከራ ሽታ ነበረው። ግሪንደርም ቀስ በቀስ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ጠቅልሎ ወደ ሥልጠና አዳራሽ ገባ። በ1979 ከሥልጠናዎቹ ቅጂ የተዘጋጀው «እንቁራሪቶች ልዑላን ሲሆኑ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ሳይኮሎጂ ቱዴይ የተባለው መጽሔት በዳንኤል ጎልማን ብዕር ስለ እንቅስቃሴው ጻፈ። በትምህርቱም ላይ አዳዲስ ነገሮች ተጨመሩ። ሰው ዓለምን በይበልጥ በማየት፣ በመስማት ወይም በመዳሰስ ያስተናግዳል፤ ይህም ከቃላቱና ከዓይኑ እንቅስቃሴ ይታወቃል ተባለ። ዓይኑ ወደ ላይ በአንድ በኩል ቢሄድ ያየውን እያስታወሰ፣ በሌላ በኩል ቢሄድ ያላየውን እየፈጠረ ነው ተባለ። ልብ በሉ፤ «ተባለ» እያልኩ ነው የጻፍኩት።

ወዳጅነቱ ብዙ አልዘለቀም። በ1980 መጨረሻ የሁለቱ የጋራ ሥራ ድንገት ቆመ፤ በ1981 ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በየመንገዱ ሄደ። ግሪንደር በ1980ዎቹ ከዴሎዚየር ጋር የቀድሞውን ትምህርት ማረም ያዘ። የድሮው ዘዴ ለንቁ አእምሮ ከልክ ያለፈ ሥልጣን ሰጥቷል፤ ምርጫው ከሥር ላለው፣ ለማይታወቀው የአእምሮ ክፍል ይተው የሚል ነበር አዲሱ ሐሳብ። «አዲሱ ኮድ» ብለው ሰየሙት። በ1987 ያወጡት መጽሐፍ ርዕሱን ያገኘው ምድር በኤሊ ጀርባ ላይ ተቀምጣለች፣ ኤሊዋም በሌላ ኤሊ ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች ኤሊ ነው ከሚለው ተረት ነው። በዚሁ ዘመን ከግሪንደር ሥልጠና የቀሰመው ቶኒ ሮቢንስ በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ሐሳቦች ለብዙኃን አደረሳቸው፤ ዛሬ በየአዳራሹ ከምንሰማው የራስን ማበልጸግ ቋንቋ ብዙው በዚያ በር የገባ ነው።

የሳይንስ ሚዛንም ወዲያው ተከተለ። ክሪስቶፈር ሻርፕሊ የተባለ ተመራማሪ በ1984 አሥራ አምስት፣ በ1987 ደግሞ 44 ጥናቶችን ሰብስቦ መረመረ። ሰው ተመራጭ የስሜት ሕዋስ አለው፣ ያንንም ከቃሉና ከዓይኑ ማወቅ ይቻላል የሚለው ትምህርት በቂ ድጋፍ እንዳላገኘ ጻፈ። በ1988 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የሰውን ብቃት ያሳድጋሉ የተባሉ ዘዴዎችን መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ኤን ኤል ፒን በተመለከተ ውጤታማነቱን የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ምርመራውን ያስደረገው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ነበር፤ የቀድሞው ሻምበል በገዛ ሠራዊቱ ሚዛን ላይ ወጣ።

ግሪንደር ግን በዚህ አልተረታም። ኤን ኤል ፒ ማለት በሥራቸው የተዋጣላቸውን ሰዎች አጥንቶ ሞዴል ማውጣት ነው፤ ሕክምናውና ሥልጠናው የዚያ ውጤቶች ናቸው እንጂ ዋናው አይደሉም ይል ነበር። ክርክሩ ፍሬ ነገር አለው፤ እሱና ባንድለር በእርግጥ የጀመሩት ሦስት ባለሙያዎችን በማጥናት ነው። ነገር ግን በአዳራሹ የሚሸጠው ሥልጠናው ነበር፤ ከፍሎ የሚገባውም ሰው ለሞዴል ጥናት ሳይሆን ኑሮው እንዲለወጥለት ነበር የሚመጣው።

በ1996 ባንድለር የኤን ኤል ፒ ባለቤት እኔ ብቻ ነኝ በሚል ግሪንደርንና ሌሎችን ከሰሰ፤ ከያንዳንዱም ከ10 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ካሳ ጠየቀ። ነገሩ ዓመታት ፈጀ። በ2000 ፍርድ ቤቱ ባንድለር ብቸኛ ባለቤት ነኝ እያለ ሕዝቡን ማሳሳቱን ገልጾ ፈረደበት። በመጨረሻ ሁለቱ የዘዴው የጋራ መሥራቾች መሆናቸውን በጽሑፍ አምነው፣ ዳግም ላይነቃቀፉ ተስማሙ። ከሰው ጋር እንዴት እንደምትግባቡ እናስተምራለን ያሉ ሁለት ሰዎች ለመግባባት ዳኛና ጠበቃ አስፈለጋቸው። ስምምነቱ ግሪንደር ከካርመን ቦስቲክ ሴንት ክሌር ጋር በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተካቶ ወጣ። የመጽሐፉ ርዕስ «በነፋስ ውስጥ ማንሾካሾክ» እንደማለት ነው፤ ግሪንደር እዚያ ላይ የራሱን መስክ ሰዎች፣ መሠረቱን ረስታችሁ ቅርንጫፉን ይዛችኋል ብሎ ተችቷል።

በ2012 ተመራማሪው ሪቻርድ ዋይዝማንና ባልደረቦቹ፣ ከዚያው የዓይን ትምህርት የመነጨውን፣ ከዓይን እንቅስቃሴ ውሸታምን መለየት ይቻላል የሚለውን ወሬ በሙከራ ፈተኑት። ውሸት የሚናገሩትና እውነት የሚናገሩት ሰዎች ዓይን በተባለው መንገድ አልተለየም። በ2013 ግሪንደር ከፑሴሊክ ጋር የአጀማመሩን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ የማክሰኞና የሐሙስ ማታዎቹ ሰዎች አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው የየራሳቸውን ትዝታ ጻፉበት።

ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ሳየው ፍርዴ ይህ ነው። ከግሪንደር ሥራ የሚበልጠው ክፍል የመጀመሪያው ነው፤ ሰው ሲያማርር የዋጠውን ቃል በትሕትና መልሶ መጠየቅ። ይህ ለሐኪምም፣ ለዳኛም፣ ለመምህርም፣ ለወላጅም ይጠቅማል፤ ለማድረግም ሰርተፍኬት አያስፈልግም። ደካማው ጎኑ ያንኑ ጥያቄ ወደ ራሱ ማዞር አለመቻሉ ነው። «በምን አወቅህ?» ብሎ ሌላውን መጠየቅ ያስተማረ ዘዴ፣ ተመራማሪዎች «እናንተስ በምን አወቃችሁ?» ሲሉት የሚያጠግብ መልስ አላቀረበም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ አንድ አሠልጣኝ መድረክ ላይ ወጥቶ «ይህ ዘዴ በሳይንስ ተረጋግጧል» ቢልህ፣ ያችን «ተ» አስተውላት። ብርጭቆው «ተሰበረ» ሲባል ሰባሪውን የዋጠችው እሷው ናት። ገንዘብህን ከኪስህ ከማውጣትህ በፊት እንደዚያች እናት ጠይቅ፤ «ማን አረጋገጠው?»